አማቴን በቁማቸው አልቀበርሁም

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ወንዳወቅ እጅጉ
የጓሮ ሜዳ ሠፈር መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ፍኖተ ሰላም

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ክረምቱን በሰላም ያሳለፈዎ አምላክ በጋውንም በደኅና ያሻግርዎ። የሰው ጓዳ አይቶ የማይጠግበውን ዓይንዎን ያቆይልን፤ ስላልተረዳው ነገር ሲመሰክር የማይደክመውን አንደበትዎንም ከጉንፋን ይጠብቅልን። ከቤተሰብዎ ጋር ደኅና ከሆኑ እኛም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ አማቴም በሕይወት አሉ። ይህን የመጨረሻውን ነገር ለይቼ የጻፍሁት በሠፈሩ ጥርጣሬ ስላለ ነው።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ከላይኛው መንገድ ዳር በርበሬ የምነግደው ሥርጉት ነኝ። በእድሩ የተመዘገበው የባለቤቴ የባምላኩ ስም ስለሆነ ይህን ደብዳቤ መጻፍ የነበረበት እሱ ነው። ይሁን እንጂ ባምላኩ እንደሚያውቁት ጨዋ ሰው ነው፤ ጨዋነቱም በእሑዱ ስብሰባ ላይ እናንተን በደንብ ስላገለገለ፣ ለዛሬ ይረፍ ብዬ እኔ ተነሣሁ። ደብዳቤው ለእርስዎ የተጻፈ ቢሆንም አንዱን ቅጂ በእድሩ ቤት በር፣ ሌላውን በወፍጮ ቤቱ፣ ሦስተኛውን በራሴ ሱቅ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። የእኛ ጉዳይ በአደባባይ ከታየ መልሱም አደባባይ ቢውል ይሻላል ብዬ ነው እንጂ ሌላ ክፋት አስቤ አይደለም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ቤታችን ተዳፋት ላይ የተሠራ ነው። ከላይ፣ ከዋናው መንገድ በኩል ሲታይ እንደ ጎረቤቶቹ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ከታች፣ ከጓሮ በኩል ሲታይ ግን ከሥሩ በጥቁር ድንጋይ የታነጸ ምድር ቤት አለው። በዚህ ምድር ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ከቡሬና ከሽንዲ የማመጣውን በርበሬ አከማችበት ነበር። የባለቤቴ አባት መሪጌታ ይሄይስ፣ ሠፈሩ ሁሉ የኔታ የሚላቸው፣ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ ከላይኛው ቤት መውጣት የሚችሉት በሰው ትከሻ ብቻ ሆነ፤ ደረጃ አለ፣ ከደረጃው በኋላም ዳገት አለ። የምድር ቤቱ በር ግን ከታችኛው መንገድ ጋር እኩል ነው፤ መንገዱም ሜዳ ለሜዳ ሄዶ አቦ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያደርሳል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኪዳን ሳያስታጉሉ የኖሩ ሰው፣ አልጋ ላይ ሆነው ደወሉን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ሲያዞሩ ማየት አልቻልሁም። ስለዚህ በርበሬውን አወጣሁና ምድር ቤቱን መኖሪያ አደረግሁላቸው። ጥፋቴ ይኸው ነው።

የእድሩም ውሳኔ ይኸው፦ ሥርጉት አማቷን በቁማቸው ከመሬት በታች አስገብታለች፤ ይህም በሠፈሩ ላይ መዓት የሚጠራ ነውር ስለሆነ እስከ ኅዳር ጽዮን ድረስ ሽማግሌውን ወደ ላይ አውጥታ ምድር ቤቱን በድንጋይ ትድፈን። እምቢ ካለች የባምላኩ ቤተሰብ ከእድሩ ይሰረዝ፤ ሞት ቢደርስባቸው ድንኳን አይተከልላቸው፣ ቃሬዛ አይውጣላቸው፣ እድርተኛም ከቀብራቸው አይቁም። በእኛ አገር ከዚህ የከፋ ፍርድ የለም። ሰው ብዙ ነገር ችሎ ያድራል፤ ለሽማግሌ ቀባሪ ማጣትን ግን የሚችል አላየሁም። እርስዎም ይህን አሳምረው ስለሚያውቁ ነው ከቅጣቱ ሁሉ እሱን የመረጡት፤ ምርጫዎን አደንቃለሁ።

እንግዲህ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በየተራ ላቅርብ።

፩ኛ። ምድር ቤታችንን መቃብር ብለው ስለሰየሙልን አመሰግናለሁ። መቃብር መሆኑን ባውቅ ኖሮ ያን ያህል አልደክምበትም ነበር። መጀመሪያማ ቸኩለን ተሳስተናል፤ አሮጌውን የጭቃ ምርጊት ሳናነሣ ከላዩ ሲሚንቶ ለሰንን፤ አምሮም ነበር። ያን ዓመት የሐምሌ ዝናብ ሲጀምር ግን ግድግዳው ከኋላው እየራሰ ልስኑ እንደ ሆድ ተነፋ፤ ከዚያም ቅርፊት በቅርፊት እየተላጠ ወደቀ። ደረሰ የሚባለው የጅጋ ግንበኛ መጥቶ አየና፣ ውኃውን ውስጥ ሆናችሁ ከምትጠብቁት ውጭ ሳለ ለምን አትቀበሉትም ብሎ ተቆጣን። ክረምቱ ሲወጣ በዳገቱ በኩል ከግድግዳው ጀርባ እስከ መሠረቱ ድረስ አስቆፈረን፤ ግድግዳውን ከውጭ በሲሚንቶ አስለብሶ ወፍራም ላስቲክ ዘረጋበት፤ ከግርጌው ቦይ አበጅቶ በጠጠር ሞላው። ዛሬ የዳገቱ ውኃ በዚያ ቦይ ዞሮ ጌሾዬን ያጠጣል። ውስጡን ደግሞ ድንጋዩ እስኪታይ ድረስ ፍቀን እንደገና አስለሰንነው፤ ወለሉን ድንጋይና ጠጠር ደልድለን፣ ላስቲክ አንጥፈን፣ አርማታ ሞልተን ሊሾ አደረግነው። በታች በኩል ሁለት ሰፋፊ መስኮት አስከፈትን፤ የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው እንዲያልፉ በሩን አሰፋነው፤ ኮርኒስ አስመታን፣ አየር የሚያስወጣ ቱቦም አቆምን። ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አልጋቸው ድረስ ትደርሳለች።

ያለፈው ክረምት እንዴት እንደከረመ ለእርስዎ አልነግርዎትም። በሠፈራችን ከጣሪያው ሥር ባልዲ ያላስቀመጠ ቤት ጥቂት ነው። እኔ ግን ነሐሴ ላይ በየማለዳው የየኔታን ግድግዳ በእጄ እየዳሰስሁ ደረቅ ሆኖ ሳገኘው፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ኩራት ተሰምቶኛል፤ አሁንም ይሰማኛል። ያን ሁሉ ድንጋይና ጠጠር በደቦ ያቀበሉን እኮ እድርተኞቻችን ናቸው። ያን ዕለት ጠላዬን ሲጠጡ መቃብር ቆፍረን መጣን ያለ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ድገሚኝ ሲል ነበር።

፪ኛ። ራስዎ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሆነው ሁኔታውን ለማጣራት ወደ ቤታችን ስለመጡ፣ ይልቁንም በዚያ ዕለት ስላፈሰሱት እንባ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። በእሑዱ ስብሰባ ላይ ቆመው፣ ገና ከበሩ ሳልፍ እንባዬ እምቢ አለኝ፣ ሽማግሌውም ዓይናቸው ቀልቶ ያነቡ ነበር፣ አብረውኝ የገቡትም እንደ እኔ ሆድ ብሷቸው ንግግር አቅቷቸው ወጡ ብለው መመስከርዎን ባምላኩ ነግሮኛል። ስብሰባውም በዚህ ምስክርነት ተነክቶ አንድ ሰው እንኳ ሳይቃወም እጁን አወጣ አሉ።

ክቡር ሆይ፣ ያ እንባ የበርበሬ ነው።

በዚያ ቀን ለመታጠቢያ ያሰብናት አንዲት ጥግ ብቻ ቀርታ፣ ደረሰ አሮጌውን ምርጊት እየፋቀ ነበር። ያ ጭቃ ስንት የቡሬ በርበሬ እንደጠጣ እኔ ነኝ የማውቀው። ደረሰ አፍና አፍንጫውን በሻሽ አስሮ ይሠራል፤ እኔ ደጅ ሆኜ አስነጥሳለሁ፤ የኔታን አቧራው እስኪሰክን ወጣ ይበሉ ብላቸው፣ የራሴን ቤት ሥራ ሳላይ ማን ያይልኛል ብለው አሻፈረኝ አሉ። እርስዎም በዚያው ሰዓት ደረሱ። በርበሬ ነው፣ ትንሽ ደጅ ይቆዩ ብዬ መለመኔን ደረሰም የኔታም ይመሰክራሉ፤ እርስዎ ግን የሚደበቅ ነገር ያለ መሰለዎትና ገፍተውኝ ገቡ። ተራ በተራ አስነጠሳችሁ፣ አለቀሳችሁ፣ ወጣችሁ። የኔታም በዕለቱ ስታስነጥሱ ሰምተው ይማራችሁ ብለው መርቀዋችኋል፤ ምርቃቱ በስብሰባው ላይ አለመነገሩ ብቻ ቅር አሰኝቶኛል። በበርበሬ አገር ተወልዶ፣ በበርበሬ አድጎ፣ የበርበሬ እንባና የኀዘን እንባ መለየት ያቃተው ሽማግሌ ሲፈርድብኝ ከውሳኔው ይልቅ ያ አበሸቀኝ።

፫ኛ። ስለ ጥሩምባው። የእድራችን ጥሩምባ ሲነፋ ሰው ሞቷል ማለት መሆኑን ሕፃን ያውቀዋል። እርስዎ ግን ስብሰባው ሙሉ እንዲሆን ብለው ለፋፊውን በማለዳ ላኩት፤ እሱም ከላይ መንገድ እስከ ታች መንገድ ጥሩምባውን እየነፋ፣ በመሪጌታ ይሄይስ ጉዳይ እድርተኛ ይሰብሰብ ብሎ ለፈፈ። ከጥሩምባ በኋላ የየኔታ ስም ሲጠራ ቀሪውን ማን ይሰማል? ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ እየጮኸ በታችኛው በር ጎረፈ። አንዱ ቸኩሎ ደውሎ ኖሮ የእህታቸው ልጅ ያምሮት ከጅጋ በተገኘው መኪና ተሳፍራ፣ ደረቷን እየደቃች ገባች።

የኔታ በራፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ዳዊት ይደግሙ ነበር። ለቅሶውን ሲሰሙ ዳዊታቸውን አጥፈው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡና፣ ማነው የሞተው ብለው ጠየቁኝ። ማንም ይሁን ማን ነፍሱን ይማረው ብለው ለራሳቸው ነፍስ ጸሎት አደረሱ፤ አልቃሹም ሁሉ አሜን አለ። ያምሮት ሬሳ ልትሰናበት መጥታ ሬሳው ቆሞ ሲጸልይ አይታ ራሷን ሳተች፤ ውኃ አፍስሰን ነው ያነቃናት። ኋላ ላይ ነገሩ ሲገባቸው የኔታ ሳቁ፤ የመጣ ሰው ሳይበላ እንዳይሄድም አዘዙኝ። እኔ አልሳቅሁም። ሰው የራሱን የሞት ጥሩምባ በጆሮው እንዲሰማ ማድረግ በምን ሕግ እንደተፈቀደ፣ ጊዜ ባገኙ ጊዜ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

፬ኛ። ይህንን ባላነሣው ደስ ይለኝ ነበር። ባለፈው በጋ፣ ማን በማን ላይ እንደሚተኩስ ሳይታወቅ ከተማው በተኩስ የተናወጠበትን ቀን ያስታውሳሉ። ጎረቤት ሁሉ ልጁን እያንጠለጠለ የሮጠው ወደ እኛ ምድር ቤት ነው። ወለሉ ገና አልደረቀም ነበር፤ ደረሰ ሊሾውን ጨርሶ እቃውን እያጠበ ሳለ ነው የገባችሁት። እንኳን ገባችሁ። ሲሚንቶ ዳግመኛ ይለሰናል፤ ሰው ግን ዳግመኛ አይገኝም። እርስዎም ከሁሉ ቀድመው ገብተው ከሁሉ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጥግ ተቀምጠው፣ ይህን ቤት የሠራ እጅ ይባረክ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያን ቀን ቤቱ መቃብር አልነበረም። የጫማዎ ፈለግ በሊሾው ላይ ደርቆ ቀርቷል፤ ደረሰ ሞልቶ ሊያስተካክለው ሲል የከለከልሁት እኔ ነኝ። ማየት የሚፈልግ እድርተኛ ሁሉ በማንኛውም ቀን መጥቶ ማየት ይችላል፤ ቁጥሩም የእርስዎ ነው።

አሁን ወደ መልሴ ልግባ።

ውሳኔያችሁን ለየኔታ ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ። ሰምተው ሲጨርሱ እንዲህ በይልኝ ብለው ላኩኝ፦ በቅኔ ተማሪነታቸው ዘመን የኖሩባት ጎጆ ከዚህ ክፍል በር የምትሰፋ አልነበረችም፤ ያኔም ማንም ሞተሃል አላላቸውም። ከመሬት በታች ማደር ነውር ከሆነ በየገዳሙ ዋሻ የዘጉትን መናንያን ሁሉ ሊቀመንበሩ አስቀድመው ከእድር ይሰርዟቸውና ከዚያ ወደ እርሳቸው ይምጡ። እርሳቸውን ለመቅበር ግን ማንም አይቸኩል፤ ቀኑ ሲደርስ ራሳቸው ይጠራሉ።

የእኔ መልስ እንደ እርሳቸው ለዛ የለውም። ምድር ቤቱ አይደፈንም። አንዲት ጠጠር አይገባበትም፤ መስኮቱ አይዘጋም፣ በሩም አይጠብም። የኔታም ወደ ላይ አይወጡም።

አልፈራሁም ብዬ አልዋሽዎትም። ባምላኩ ማታ ማታ እንቅልፍ የለውም፤ አባቴ በማን ትከሻ ይሸኛል እያለ ይጨነቃል፤ እኔም እሱ ሳያየኝ አልቅሻለሁ። ያንን እንባ እንኳ ከበርበሬ ጋር አያምታቱት። ቢሆንም ሁለቱን ፍርሃቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው። አንደኛው አማቴ በሞቱ ቀን ሰው እንዳያጡ ነው። ሁለተኛው በሕይወት እያሉ፣ የደወሉ ድምፅ በመጣ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ሲያዞሩ እንደገና እንዳላይ ነው። የሞታቸውን ቀን እግዚአብሔር ያውቃል። ደወሉ ግን ነገ ጠዋት ይደወላል፤ ነገም ከነገ ወዲያም የኔታ በገዛ እግራቸው ይሄዳሉ።

ስለዚህ እስከ ኅዳር ጽዮን መጠበቅ አያስፈልግዎትም፤ ከፈለጉ ዛሬውኑ ይሰርዙን። ድንኳናችሁን አንጠይቅም፤ የእኛ ጓሮ ትልቅ ዛፍ አለው። ቃሬዛውንም ደረሰ ይሠራልናል። ቀባሪን በተመለከተ፣ ከደምበጫ እስከ ቡሬ በየደብሩ የሚቀድሱትን የየኔታን ደቀ መዛሙርት እርስዎ ከእድር ሊሰርዙ አይችሉም፤ እንዲያ የሚመስልዎ ከሆነ ግን ይሞክሩት። ድንጋይ ያቀበሉን ጎረቤቶቻችንም እጃቸውን ለእርስዎ ያወጡት በስብሰባው ላይ ነው፤ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በታችኛው በር ጎራ ብለው ያሉኝን እዚህ አልጽፈውም። እርስዎን ማሳዘን አልፈልግም።

ለሠፈራችን የሞቱትን ብቻ ሳይሆን ያሉትንም ጭምር ለመቅበር ለሚያደርጉት ያልተቆጠበ ጥረት ምስጋናዬን ደግሜ እያቀረብሁ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ረጅም ዕድሜ፣ የማይታዘዝልዎ ሳይሆን የሚታዘዝልዎ ጉልበት፣ ሲያረጁም ከአልጋዎ አንሥቶ እስከ ደጅ የሚያደርስዎ ምራት ያድልዎ ዘንድ እየለመንሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

እርስዎን ማክበር ገና ያልታከታት፣
ለጊዜው የእድርዎ አባል ሚስት፣
የመሪጌታ ይሄይስ ምራት፣
ሥርጉት ንብረት
ጥቅምት ፮ ቀን፣ ፍኖተ ሰላም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወላጅ እናትዎ እማሆይ እህተ ማርያም ከትናንት ጀምሮ ለምን ወደ ቤት እንዳልተመለሱ ተጨንቀው ከሆነ፣ ከእኛ ዘንድ ስላሉ አያስቡ። ትናንት የአቦ ዕለት ጎረቤቶች ከፎቅዎ ላይ ተሸክመው አውርደው ለንግሡ አድርሰዋቸው ነበር፤ ከፋሲካ ወዲህ መሬት ሲረግጡ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ነገሩን። ሲመለሱ በታችኛው መንገድ አልፈው ትንሽ ልረፍ ብለው የየኔታ ክፍል ገቡ፤ ግድግዳውን ዳሰሱ፣ በመስኮቱ አዩ፣ በሩ ወዴት እንደሚያወጣ ጠየቁ። የኔታ ለሌሊቱ ክፍላቸውን ለቀውላቸው ባምላኩ ወደ ላይ አዝሏቸው ወጣ። ዛሬ ማለዳ ደወሉ ሲደወል እማሆይ ማንንም ሳይጠሩ በዘንጋቸው እየተደገፉ ኪዳን አድርሰው ተመለሱ። ከእንግዲህ ልጄ እንዲህ ያለ ቤት ካልሠራልኝ ወደዚያ ሰቀላ አልወጣም፤ እናንተ ዘንድ እሰነብታለሁ ብለዋል። ክፍሉን መሐል ለመሐል በመጋረጃ ከፍለን ለየኔታ ሁለተኛ አልጋ ከመጋረጃው ወዲህ ዘርግተናል። መጥተው ሊወስዷቸው ቢፈልጉ በሩ ክፍት ነው። እስከዚያው ግን ደንብ አክባሪ እድርተኛ እንደመሆኔ፣ የሊቀመንበሩ እናት በሕይወት ሳሉ፣ በገዛ ፈቃዳቸው ከመሬት በታች መግባታቸውን ለእድሩ አስታውቄያለሁ።